ማክ ገዛሁና የማውሴ የጎን ቁልፎች ሞቱ፤ የማንን ምክር ልስማ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሠርግ ጥሪ ካርድና ባነር ዲዛይን እሠራለሁ። ለዓመታት ያገለገለኝን የዊንዶውስ ዴስክቶፕ ትቼ ኤም 4 ማክ ሚኒ ገዛሁ። ማውሴ ገመድ አልባ የጌም ማውስ ነው። ጎኑ ላይ ካሉት ሁለት ቁልፎች አንዱን የሠራሁትን ለመመለስ፣ ሌላውን ኮፒ ለማድረግ አስተካክዬው እጄ ለምዶታል። ማኩ ላይ ስሰካው ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፣ ግራና ቀኙም ይሠራል፤ የጎኖቹ ግን ሞተዋል። ስክሮሉ ወደ ተቃራኒ ይሄዳል፣ ቀስቱም ይንቀረፈፋል። ድራይቨሩን ልጭን ስል ፋይሉ አይከፈትም። አንዱ ጓደኛዬ ‹ማኩ ውስጥ ዊንዶውስ ጫኚበት› አለኝ፤ ሌላው ‹የማኩን ሴኩሪቲ አጥፊው› አለኝ፤ ባለ ሱቁ ደግሞ ‹ይሄ ማውስ ለማክ አይሆንም፣ ሌላ ግዢ› አለኝ። አሮጌውን ኮምፒውተር የአክስቴ ልጅ ሰኞ ሊወስደው ነው።»

ሦስቱንም አትስሚ። አሮጌውን ኮምፒውተር ግን ገና አትስጪው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ አብሽሪ፣ ማውስሽ አልተበላሸም። ለማክም ይሆናል። ቀስቱ መንቀሳቀሱና ሁለቱ ዋና ቁልፎች መሥራታቸው ራሱ ማስረጃ ነው። የዩኤስቢ ማውስና ኪቦርድ ሁሉ የሚነጋገሩበት አንድ የጋራ ደንብ አለ፣ ኤችአይዲ ይባላል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፤ ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊኑክስም ያውቁታል። እንቅስቃሴ፣ ግራ፣ ቀኝና መሽከርከሪያ በዚህ ደንብ ስለሚያልፉ ከፋብሪካው የሚመጣ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አያስፈልጋቸውም። ኮምፒውተሩ ራሱ ውስጥ አለ።

ታዲያ «ድራይቨር» እያልሽ ልትጭኚው የሞከርሽው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር ሳይሆን ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። የጎን ቁልፍ ምን ይሥራ፣ የቀስቱ ፍጥነት ስንት ይሁን፣ መብራቱ ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ እነዚህን የሚወስነው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ለዊንዶውስ የተጻፈ ኢኤክስኢ ፋይል ስለሆነ ማክ አይከፍተውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። «ማክ ላይ ሮዜታ የሚባል አስተርጓሚ አለ፣ እሱ ይከፍተዋል» ይባላል። አይከፍተውም። ሮዜታ የሚያስተረጉመው ኢንቴል ቺፕ ላላቸው የድሮ ማኮች የተጻፉ የማክ ፕሮግራሞችን ነው። ከዊንዶውስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የማክ ፕሮግራምም ቢሆን፣ ወደ ሲስተሙ ልብ የሚገባ ድራይቨር ከሆነ ሮዜታ አይነካውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጎን ቁልፎችሽ በእርግጥ ሞተዋል ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ።

የቁልፍ ትዕዛዝ ከሁለት ቦታ በአንዱ ይቀመጣል። አንዳንድ ማውስ ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ አለው፤ ያስተካከልሽው ነገር እዚያው ማውሱ ውስጥ ይጻፋል፣ የትም ኮምፒውተር ላይ ስትሰኪው አብሮ ይሄዳል። ሌላው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ከኋላ ሆኖ በሚሠራው ፕሮግራም ነው የሚታዘዘው፤ ፕሮግራሙ ከሌለ ትዕዛዙም የለም። የጌም ማውሶች ብዙዎቹ ሜሞሪ አላቸው። የአንቺም ካለው፣ የጎን ቁልፉን ስትጫኚ ማውሱ እስካሁን ኮንትሮል እና ዜድ እየላከ ነው ማለት ነው። ማኩም እየሰማው ነው። ችግሩ ማክ ላይ የሠራሽውን የሚመልሰው ኮንትሮል ዜድ ሳይሆን ኮማንድ ዜድ መሆኑ ነው። ኮንትሮል ዜድ ማክ ላይ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ምንም አያደርግም። ስለዚህ ዝም ያለ ይመስላል።

ይህንን ማረጋገጥ ቀላል ነው፣ ምንም መጫን አይፈልግም። ማኩ ላይ ኪቦርዱን ስክሪን ላይ የሚያሳይ መስኮት አለ፣ ኪቦርድ ቪወር ይባላል። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ፣ ከዚያ ኢንፑት ሶርስስ የሚለው ጋ ገብተሽ የቋንቋ ምልክቱ ከላይ በስተቀኝ እንዲታይ አድርጊ። ምልክቱን ስትነኪ ኪቦርድ ቪወርን ታገኚዋለሽ። ክፈቺውና የማውሱን የጎን ቁልፍ ተጫኚ። ስክሪኑ ላይ ኮንትሮል እና ዜድ ብልጭ ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ማውስሽ ሜሞሪ አለው፣ ቁልፉም ይሠራል፣ የሚልከው ፊደል ብቻ ነው የሚቀየረው። ሌላም ፍንጭ አለ። ማውሱን መጀመሪያ ስትሰኪ ማኩ «ኪቦርድሽን ልለየው፣ ከግራ ሺፍት አጠገብ ያለውን ቁልፍ ተጫኚ» የሚል መስኮት አምጥቶብሽ ነበር? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ማውሱ ትዕዛዝ የሚልከው ኪቦርድ መስሎ ስለሆነ ማኩ ሁለተኛ ኪቦርድ የተሰካ ይመስለዋል። ዝጊውና እለፊው።

አሮጌውን ኮምፒውተር አትስጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ማውሱን መልሰሽ እዚያ ሰኪውና የማስተካከያ ፕሮግራሙን ክፈቺ። የጎን ቁልፉን ከኮንትሮል ዜድ ወደ ዊንዶውስ ዜድ ቀይሪው፤ የዊንዶውስ አርማ ያለበትን ቁልፍ ማለቴ ነው። ሁለተኛውንም ከኮንትሮል ሲ ወደ ዊንዶውስ ሲ። እብድ ሊመስልሽ ይችላል፣ ግን በኤችአይዲ ደንብ የዊንዶውስ ቁልፍና የማክ ኮማንድ ቁልፍ አንድ ዓይነት ኮድ ነው የሚልኩት። ዊንዶውስ ዜድ ብለሽ የጻፍሽው ማኩ ጋ ሲደርስ ኮማንድ ዜድ ይሆናል። ቁልፎቹን በመጫን ለመቅዳት ብትሞክሪ ዊንዶውሱ ራሱ ይቀድምሽና ሌላ መስኮት ሊከፍት ይችላል፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ለምሳሌ ዊንዶውስ ዜድ የመስኮት መደርደሪያ ያወጣል። ስለዚህ ከተቻለ ቁልፎቹን ከዝርዝር ወይም ከማክሮ መጻፊያው ምረጪ። ከዚያ «ኦንቦርድ ሜሞሪ» ወይም «ማውሱ ላይ ሴቭ አድርግ» የሚል ነገር ፈልገሽ እዚያ ላይ አስቀምጪ። ይህን ካላደረግሽ ለውጡ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ይቀራል። ማውስሽ ሁለት ሦስት ፕሮፋይል የሚይዝ ከሆነ የድሮውን አትሰርዢው፣ አዲሱን በሌላኛው ላይ ጻፊ።

እግረ መንገድሽን ቀስቱን የሚያፈጥነውን ዲፒአይም እዚያው አስተካክይው። መብራቱንም ከፈለግሽ። ማኩ ላይ እነዚህን በቀላሉ አታገኚያቸውም።

ፕሮግራሙ ሲከፈት «አዲስ ፈርምዌር አለ፣ አፕዴት ላድርግ?» ካለሽ ግን እምቢ በይው። ፈርምዌር (ማውሱ ውስጥ ያለው የራሱ ፕሮግራም) እየተጻፈ መብራት ከሄደ ማውሱ ዳግም ላይነሳ ይችላል፤ የደሴን መብራት ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። የግድ ካስፈለገ ባትሪው ጥሩ በሆነ ላፕቶፕ ይደረግ እንጂ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ አይደረግም።

ኪቦርድ ቪወሩ ላይ ምንም ብልጭ ካላለ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ቁልፉ ተራ የማውስ ቁልፍ ነው፣ ማለትም አራተኛና አምስተኛ ቁልፍ ሆኖ ይላካል፤ ማኩ ይቀበለዋል ግን ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ዊንዶውስ እነዚህን ቁልፎች «ወደ ኋላ» እና «ወደ ፊት» ብሎ ይተረጉማቸዋል፣ ማክ በራሱ ይህን አያደርግም። ወይ ደግሞ ቁልፉ የራሱ ፕሮግራም ካልቀሰቀሰው በስተቀር ጭራሽ ምንም አይልክም። ሁለቱን የምትለዪው በሚቀጥለው መንገድ ነው።

ሊኒያርማውስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ መጠኑም ትንሽ ስለሆነ ዳታሽን አይበላም። የየትኛውም ፋብሪካ ማውስ ይሁን ግድ የለውም። ማውሱ ወደ ማኩ የሚልከውን ይሰማና አንቺ ባልሽው ይተካዋል። ቁልፎችን የሚመለከተው ገጽ ላይ አዲስ ትዕዛዝ ጨምሪ ስትይው ቁልፉን እንድትጫኚ ይጠይቅሻል። ተጭነሽ ከሰማ፣ ኮማንድ ዜድ ስጪው፣ አለቀ። ካልሰማ ቁልፉ ምንም እየላከ አይደለም፤ ማንኛውም እንዲህ ያለ ፕሮግራም አይረዳሽም። ከመሽከርከሪያው ጀርባ ያለችው የዲፒአይ ቁልፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነች፣ ሥራዋን እዚያው ማውሱ ውስጥ ጨርሳ ለኮምፒውተሩ ምንም አትነግርም። ሌሎችም አሉ፤ ማክ ማውስ ፊክስ አለ፣ ስቲርማውስ የሚባል የሚከፈልበትም አለ። እኔ ለአንቺ ሥራ ሊኒያርማውስ ይበቃል እላለሁ።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ስትጭኚ ማኩ ፈቃድ ይጠይቅሻል። ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ገብተሽ ትፈቅጂለታለሽ። አንዳንዱ ኢንፑት ሞኒተሪንግንም ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቆም በይ፦ ይህ ፈቃድ ቀላል አይደለም። ይህን የፈቀድሽለት ፕሮግራም የምትጫኚውን ሊያይ፣ በአንቺ ቦታ ሆኖም ሊጫን ይችላል። የባንክ አፕሽን በዚያው ኮምፒውተር የምትከፍቺ ከሆነ በቴሌግራም የተላከልሽን ወይም በፍላሽ የተሰጠሽን የማውስ ፕሮግራም እንዳትፈቅጂለት። ከሠሪው ድረገጽ ብቻ አውርጂ። ሌላው የሚያናድድ ነገር፣ ማኩ ትልቅ አፕዴት ካደረገ በኋላ ፈቃዱ በርቶ እየታየ ቁልፎቹ የማይሠሩበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ማብራት ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራሙን ከዝርዝሩ በመቀነስ ምልክቷ አውጪውና እንደ አዲስ አስገቢው።

ስክሮሉ ወደ ተቃራኒ መሄዱ ችግር አይደለም፣ ምርጫ ነው። አፕል ከ2011 ጀምሮ ገጹን በጣት እንደሚገፉት አድርጎ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ማውስ የሚለውን ክፈቺና ናቹራል ስክሮሊንግ የሚለውን አጥፊው። ማክ ሚኒ ስለሆነ ትራክፓድ የለሽም ብዬ ነው። ካለሽ ያኛውም አብሮ ይገለበጣል፤ እንዲህ ከሆነ ለማውሱ ብቻ በሊኒያርማውስ ገልብጪው።

መንቀርፈፉ ግን ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው የፍጥነት ስሌት ነው፤ ማክ ቀስቱን እጅሽ ቀስ ሲል ከዊንዶውስ በላይ ያዘገየዋል፣ እጅሽ ሲፈጥን ያስፈነጥረዋል። እዚያው ማውስ ሴቲንግ ውስጥ ትራኪንግ ስፒድን ከፍ አድርጊ፣ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ደግሞ ፖይንተር አክሰለሬሽንን አጥፍተሽ ሞክሪው። ለዲዛይነር ጠፍቶ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለጥቂት ቀን እጅሽ ቢያምፅም። ሁለተኛው ምክንያት የሪሲቨሩ (የማውሱን ምልክት የምትቀበለው ትንሽ መሰኪያ) ቦታ ነው። ኤም 4 ማክ ሚኒ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ቀዳዳ የለውም፣ ፊትም ኋላም ዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው። ስለዚህ ሪሲቨሯን ሀብ (የዩኤስቢ ቀዳዳ ማብዣ) ላይ ሰክተሻት ይሆናል። አጠገቧ ደግሞ ኤክስተርናል ሃርድዲስክ ተሰክቶ ይሆናል። ዩኤስቢ 3 በሥራ ላይ እያለ የሚረጨው የሬዲዮ ጫጫታ ገመድ አልባው ማውስ የሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያርፋል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 ያሳተመው ጉዳይ ነው። ፋይል እየገለበጥሽ ሳለ ቀስቱ የሚቆራረጥ ከሆነ በሽታው ይኸው ነው። ሪሲቨሯን በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ከሀቡ አርቀሽ ማውሱ አጠገብ አድርጊያት።

አሁን ወደ መካሪዎችሽ። ማኩ ውስጥ ዊንዶውስ ጫኚ ያለሽ የድሮውን ዘመን እያሰበ ነው። ኢንቴል ማኮች ላይ ዊንዶውስን ለብቻው የሚያስነሳ ቡት ካምፕ የሚባል ነገር ነበር፤ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በወጡት ባለ ኤም ቺፕ ማኮች ላይ የለም። አሁን የሚቻለው በቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ለአርም፣ ማለትም ለኤም ቺፕ ዓይነቱ፣ የተሠራውን ዊንዶውስ ማስነሳት ነው። ብዙ ጊጋባይት ታወርጃለሽ፣ ከማኩ ሜሞሪ ላይ ትቆርሻለሽ፣ በመጨረሻም የጎን ቁልፉ የሚሠራው እዚያ የዊንዶውስ መስኮት ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ቁልፍ ይህ ሁሉ? ኧረ ተይው።

ሴኩሪቲውን አጥፊው ያለሽን ደግሞ ጭራሽ አትስሚው። ያ ምክር የመጣው ሲስተሙ ልብ ውስጥ ለሚገቡ የድሮ የማክ ድራይቨሮች ነው። ለኢንቴል የተጻፈ የዚህ ዓይነት ድራይቨር በአንቺ ማክ ላይ ሴኩሪቲው ቢጠፋም አይነሳም፣ ቺፑ ሌላ ነው። በሩን ከፍተሽ ትቀሪያለሽ፣ እንግዳው ግን አይመጣም።

ባለ ሱቁን በግማሽ እረዳዋለሁ። የማውሱ ፋብሪካ የማክ ፕሮግራም ስለማይሠራ «አይሆንም» ብሎ ይሆናል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከፋብሪካው ድረገጽ አረጋግጪ። የማክ ፕሮግራም ካለው ለአፕል ሲሊከን (ለኤም ቺፕ) የተሠራ ወይም ዩኒቨርሳል (ለሁለቱም ቺፕ) የሚል መሆኑን እዪ። ለኢንቴል ብቻ የሆነው ዛሬ በሮዜታ ቢሠራም ዕድሜው አጭር ነው፤ አፕል ሮዜታን እንደ ልብ የሚያቆየው እስከ ማክኦኤስ 27 እንደሆነ ተናግሯል። ፕሮግራሙ ተጭኖ ማውሱን «አላውቀውም» ካለ ደግሞ ማውሱ በታወቀ ስም የተሸጠ ቅጂ ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለው በየገበያው ሞልቷል።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። አሁን አሁን አንዳንድ ፋብሪካዎች ፕሮግራም ማውረድ ትተው ማውሱን በብራውዘር ያስተካክላሉ። ገጻቸውን በክሮም ወይም በኤጅ ትከፍቻለሽ፣ ማውሱን ትፈቅጃለሽ፣ ለውጡ ማውሱ ላይ ይጻፋል። ማክ ይሁን ዊንዶውስ ለውጥ የለውም። ሳፋሪ ላይ አይሠራም። የማውስሽን ሞዴል ፈልገሽ እንዲህ ዓይነት ገጽ ካለው፣ አሮጌውን ኮምፒውተር ሳትነኪ ሁሉንም ከማኩ ትጨርሻለሽ።

ዊንዶውስ 10 በጥቅምት ወር 2025 ድጋፉ ካበቃ ወዲህ ወደ ሌላ የሄዱ ሰዎችም ይህንኑ ስለሚጠይቁኝ በአጭሩ ልመልስ። ወደ ሊኑክስ የሄደ ፓይፐር የሚባለውን ይሞክር፣ ማውሱ ሎጊቴክ ከሆነ ደግሞ ሶላርን። በ2024 የወጡትን ባለ ስናፕድራገን (የአርም ዓይነት ቺፕ) ላፕቶፖች የገዛ፣ ዊንዶውስ ስለሆነ ሁሉም ይሠራል ብሎ እንዳይዘናጋ። ተራ ፕሮግራም በአስተርጓሚ ይሠራል፤ ድራይቨር ግን ለአርም የተጻፈ ካልሆነ አይነሳም። ለነዚህም ቢሆን ማውሱ ውስጥ የተጻፈው ትዕዛዝ ይሠራል።

እንግዲህ የኔ ቁርጥ ያለ ምክር፦ ዛሬውኑ ኪቦርድ ቪወሩን ክፈቺና ፈትሺ። ሜሞሪ ካለው ከሰኞ በፊት አሮጌው ላይ በዊንዶውስ ቁልፍ ጽፈሽ ጨርሺ። ከሌለው ሊኒያርማውስ ጫኚ። ሊኒያርማውስም ካልሰማው ብቻ አዲስ ግዢ፤ ስትገዢም መብራቱንና የቁልፉን ብዛት ተይውና ኦንቦርድ ሜሞሪ ያለው ወይም በብራውዘር የሚስተካከል መሆኑን ጠይቂ። ሻጩ ካላወቀ ሞዴሉን በስልክሽ እዚያው ፈልጊው።

አሮጌውን ሳትሰጪ ሌላም አንድ ነገር አስቢ። አማርኛ የምትጽፊው በፓወር ግዕዝ ከሆነ እሱም የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ ማኩ ላይ አይጫንም። ኪይማን የሚባለው ነጻ ነው፣ ማክ ላይ ይሠራል፣ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ካርዶች ካሉሽ ግን ማኩ ላይ ስትከፍቻቸው ፊደሉ የተበታተነ ምልክት ሊሆንብሽ ይችላል፤ ደንበኛ «ያንኑ የአምናውን ድገሚልኝ» የሚልባቸውን አሮጌው ላይ ሳሉ ወደ ፒዲኤፍ አውጪያቸው፣ ጽሑፉንም ወደ ዩኒኮድ፣ የትኛውም ኮምፒውተር ወደሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ ቀይረሽ ያዢ።

በብዕር የሚሣልበት ታብሌት ካለሽ ደግሞ እስካሁን ያልኩት አይሠራለትም። እሱ የእጅሽን ጫና በትክክል እንዲለይ የፋብሪካው ድራይቨር የግድ ነው፤ ለኤም ቺፕና አንቺ ለያዝሽው የማክኦኤስ ቁጥር የወጣ መሆኑን ሳታዪ እንዳትገዢ።